ጊፋታን ጥዬ ናይሮቢን ያየሁበት ሳምንት

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል፣ ሶዶ መናኸሪያ

የአርባ ምንጩ ሚኒባስ ውስጥ ያለነው እኔና ሁለት ሴቶች ብቻ ነን። ሹፌሩ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ ይነጫነጫል። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት ሞልቶ ሁምቦ ደርሷል። እሁድ ግን ጊፋታ ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። በዚህ ሳምንት ሰው ወደ ሶዶ ይገባል እንጂ ከሶዶ አይወጣም።

«አንተ ጎረምሳ፣ ወዴት ነህ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«ናይሮቢ።»

«ናይሮቢ የሚባል ሰፈር አርባ ምንጭ አለ እንዴ?»

«ኬንያ ነው የምልህ።»

ዞሮ አየኝ። ቦርሳዬንም አየ። «በጊፋታ?»

«ለጉብኝት ነው። ብቻዬን።»

«እንግዲህ ጌታ ይከተልህ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ፔጄን የምታነቡ ታውቁኛላችሁ፣ ታምራት ነኝ፣ ባለ ባጃጁ። ከአሥረኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ፊደል ብሳሳት ኮሜንት ላይ አስተማሪ እንዳትሆኑብኝ። አስተማሪማ ቤታችን አለ። የጉዞዬም ምክንያት እሱ ነው። ወንድሜ ማቴዎስ ከሶዶ አንድ ሰዓት በምትርቀው ሻንቶ ያስተምራል። አባታችን ሲሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እናታችን ቀድማ ሞታለች። ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ ታደለች ናቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤታቸው እንግዳ ተሰብስቦ እያለ ማቴዎስ እንደ ልማዱ ምክር ጀመረ። «ሃያ አራት ዓመትህ ነው፤ ከሶዶ መናኸሪያ ወጥተህ አታውቅም። መቼ ነው የምትበስለው?» አለኝ፣ በሰው ፊት። የኔ ምላስ ደሞ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። «አንተ መጀመሪያ የራስህን ልጅ ውለድና ምከር» አልኩት።

ልጅ ሲለምኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ስንት ዓመት እንደጸለዩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አጠገባቸው ተኝቼ እሰማ ነበር። ታደለች የያዘችውን ትሪ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔና ማቴዎስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም።

እኛ ጋ ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ሰው ከበዓሉ በፊት ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ይታረቃል፣ ሥጋው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ሳሙኤል የሚባሉ የሻንቶ ሽማግሌ ቀጠሮ ያዙልን፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማቴዎስ ቤት። ከኔ የሚጠበቀው ታደለች ፊት ቀርቤ «አጥፍቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል።

እኔ ምን አደረግኩ? ጓደኞቼ ሲያወጡ አብሬ ያወጣሁት ፓስፖርት ነበረኝ። ስልኬ ላይ ደሞ ነጭ ጫማ የሚያደርግ አንድ ሰውዬ አለ፣ የየአገሩ ሆቴል በረንዳ ላይ ቆሞ «ብቻህን ድንበር ያልተሻገርክ ገና አላደግክም» እያለ ይሰብካል። ማቴዎስም ያለኝ ይኸንኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሺ፣ እሄዳለሁ፤ ውጭ አገር አይቼ፣ በስዬ እመለሳለሁ፤ ያኔ ይቅርታ መጠየቁም ይቀለኛል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። አሁን ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

ሐሙስ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የሁምቦ መንገድ

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ በመስኮት ይገባል። በቆሎው ደርሷል፤ ኮረብታዎቹ ዛፍ ለብሰዋል። አህያ የሚጎትተው ጋሪ ላይ ሳር፣ ሳሩ ላይ ሴትዮ፣ ሴትዮዋ ጭን ላይ ዶሮ። ከፊት ለፊታችን የሚመጡት መኪኖች ግን አያልቁም። ጣሪያቸው ላይ ሙዝ፣ ፍራሽ፣ ቅቤ የተጠቀለለበት ኮባ፤ ውስጣቸው ሰው በሰው ላይ። አንዱ መኪና ውስጥ ያሉት ጎረምሶች መስኮት እየደበደቡ «ዮ ዮ ጊፋታ!»፣ ‹እንኳን መጣህ ጊፋታ!› እያሉ አለፉን። ሹፌራችን ክላክስ መለሰላቸውና እኔን በመስታወት አየኝ።

አጠገቤ ያለችውን ሴት «አንቺስ ልትወጪ ነው?» አልኳት፤ ጓደኛ ፈልጌ ነው።

«ኧረ እናቴን ላመጣ ነው! አርባ ምንጭ ናት። በዓሉን ብቻዋን ትዋል እንዴ? ስምንት ሰዓት ላይ ይዣት እመለሳለሁ።»

ሁለተኛዋም ወንድሟን ልታመጣ ነበር። በዚያ መኪና ውስጥ እንኳ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሁለቱም ሊመልሱ ነው የወጡት።

አርባ ምንጭ ላይ ሐይቁን ከላይ አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁ። ኮንሶ ላይ ድንጋይ በድንጋይ የተካበውን እርከን አየሁ። ሰው ተራራን እንደ ደረጃ ሲሠራ ትውልድ ተቀባብሎ ነው፤ ብቻውን የካበ የለም። ይሄን ያኔ አላሰብኩም፤ ያኔ ያሰብኩት ፎቶው ምን ያህል ላይክ ያመጣል ብዬ ነው። ያቤሎ ስገባ መሽቷል። አፈሩ ቀይ፣ ኩይሳው ከሰው ቁመት በላይ፣ ግመሎቹ መንገዱን የአባታቸው አድርገውታል። ፍየል ጥብስ በላሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር። አልጋውም ንጹሕ ነው። ፔጄ ላይ «የመጀመሪያ ቀን፣ ነፃነት!» ብዬ ለጠፍኩ።

ዓርብ፣ አምስት ሰዓት፣ ሞያሌ

ድንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ፓስፖርቴን ገለጠ፤ ባዶ ነው።

«ከየት ነህ?»

«ወላይታ ሶዶ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ማን አለህ?»

«ማንም። ናይሮቢ አይቼ እመለሳለሁ። ቱሪስት ነኝ።»

«ስማ እስቲ፣ ይሄኛው ቱሪስት ነው» አለ ጎኑ ለተቀመጠው። ሁለቱም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቁ። «የኔ ወንድም፣ እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ እናንተን አውቃችኋለሁ። እሁድ ጊፋታ አይደለም እንዴ? ጊፋታን ጥሎ በዚህ በር የሚወጣ ወላይታ ወይ ተሰዳጅ ነው ወይ ሰው ገድሏል። ከሁለቱ የቱ ነህ?»

ደሜ ፈላ። ስንቱን የሰፈሬን ልጅ በዚህ በር አይተውት ይሆናል፤ ስንቱ ጫካ ውስጥ ቀርቷል። ያ እውነት ነው። ግን እኔ ደንብ ጠብቄ፣ ጸጉሬን ተቆርጬ መጥቼ ለመጎብኘት መብት የለኝም? ወላይታ አገር አያይም? የባጃጅ ሹፌር አያድግም? ይሄን ሁሉ በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ «ቱሪስት ነኝ አልኩህ» ብቻ አልኩ።

«እሺ ቱሪስት፣ ሻይ ጠጣ፤ ወረፋው ሲቀልል ና» አለኝ።

ወጣሁ። ሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሰዎች ሻንጣ ይጭናሉ፤ ሁሉም የኛ ሰዎች ናቸው። ደሳለኝ የሚባል የቦምቤ ልጅ፣ ሞያሌ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ፣ ከፊቴ ብቻ አወቀኝ።

«የኛ ልጅ! እግዚአብሔር ነው የላከህ። አንድ ወንበር ባዶ ቀርቶብናል። ማታ ያቤሎ፣ ነገ ስምንት ሰዓት ሶዶ። ግባ በላ!»

ስምንት ሰዓት ላይ ሶዶ ብገኝ ዘጠኝ ላይ ሻንቶ እደርሳለሁ። አሰላሁት፤ ማስላቱስ አልጠፋኝም። ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሳሙኤል ናቸው።

«የት ነህ ልጄ?»

«ሞያሌ፣ ጋሼ።»

«ታደለች ትናንት ቤቴ መጥታ ነበር። ‹ይምጣ ብቻ፤ ምንም ባይልም ይቀመጥ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ እላለሁ› አለችኝ። የሚከብደው ማቴዎስ ነው። እሱም ቢሆን ካየህ ይለሰልሳል። ካልመጣህ ግን ምን አድርጌ ነው የምሸመግለው? እርቅ የሁለት ሰው ነው።»

«ጋሼ፣ መንገድ ጀምሬያለሁ።»

«መንገድ ይመልሳልም እኮ፣ የኔ ልጅ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ደሳለኝ በሩን ይዞ ቆሟል። «ና እንጂ፣ ምን ትገተራለህ? እግርህን የምትዘረጋበት ቦታ እለቅልሃለሁ!» እኔ የድንበሩን ቢሮ አየሁ። ሰውዬው በመስኮት ያየኛል፤ ወይ ያየኝ መስሎኛል። አሁን ይሄ መኪና ውስጥ ብገባ፣ «አላልኩህም?» ሊል ነው። ሞያሌ ደርሶ የተመለሰ እባላለሁ። ማቴዎስም «ከመናኸሪያ አልወጣህም» ያለኝ ልክ ሊሆን ነው።

«ጉዳይ አለኝ» አልኩ።

«ከጊፋታ የሚበልጥ ምን ጉዳይ?»

«ራሴን ላሳድግ ነው።» እውነት እላችኋለሁ፣ እንዲህ አልኩት።

ደሳለኝ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ከዚህ በኋላማ ቁመትም አይጨምር» አለና ገባ። መኪናው ውስጥ ያሉት ሳቁ። ሚኒባሱ ባዶውን ወንበር ይዞ ሄደ።

ተመልሼ ገባሁና ፓስፖርቴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሰውዬው አሁን አልሳቀም። ማህተሙን መታና «መመለስህን እንዳትረሳ» ብቻ አለኝ። ለሱ ብዬ ነው የቀረሁት፤ እሱ ግን ወዲያው ቀጣዩን ሰው ጠራ። ረስቶኛል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ከማርሳቢት ወደ ደቡብ

ማርሳቢት ተራራ ላይ ያለች፣ ጭጋግ የለበሰች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ከሷ ስትወርድ ግን በረሃ ነው፤ አስፋልቱ እንደ ተዘረጋ ጥቁር ክር፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጋልጋሎ የሚባሉ የቦረና ከብት ነጋዴ ናቸው። ሞያሌ ገበያ ሲመላለሱ አማርኛ ለምደዋል።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«አዎ። ብቻዬን ነው የምጓዘው።»

«ማን ሞቶብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም። አሁን በዓለም ላይ ወጣት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አባባ። ራሱን ለማወቅ።»

አሰቡበት። አላሾፉም። «እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሄድ ከብት ወይ ታሞ ነው ወይ ከመንጋው ተዋግቶ ነው» አሉ። ቀጥሎም ጭኔን መታ መታ አደረጉ። «ታመህ አትመስልም።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኔ፣ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ ሹፌር በምላስ የምገጥመው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ናኑኪ

የኬንያ ተራራ በስተግራ ጫፉን በደመና ሸፍኖ ቆሟል። ስንዴ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ቀዝቃዛ አየር፤ አገሩ ያምራል፣ አልዋሽም። አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። የምድር ወገብ መስመር የሚያልፍበት ሰሌዳ አለ፣ ሰው እየተሰለፈ ፎቶ ይነሳል። እኔም አንድ እግሬን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጌ ተነሳሁ። ፎቶውን ያነሱኝ ጋልጋሎ ናቸው፤ ግማሽ ጭንቅላቴን ቆርጠውታል። ኔትወርክ ስላገኘሁ ወዲያው ለጠፍኩት፦ «ዓለም ለሁለት የምትከፈልበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።»

አንዷን ሻይ ሻጭ ሰዓት ጠየቅኳት። «ሳ ቲሳ» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ማለቷ ነው» አሉ ጋልጋሎ። «በስዋሂሊም እንደ እናንተው ነው የሚቆጠረው።»

ዘጠኝ ሰዓት። ስልኬ ይንጫጫል፣ ኮሜንት ይዘንባል፦ «አድገሃል ወንድሜ!» «ጀግና!» «እንዳንተ ያድርገኝ!» አንዱም ሰው ከሻንቶ አይደለም። ሻዩን ሳልጨርሰው ተውኩት።

እሁድ፣ ናይሮቢ

ናይሮቢ እንደምታስቡት ናት፤ ትልቅ ናት። ፎቅ፣ ሙዚቃቸው ደረት የሚደልቅ ሥዕል የተሳለባቸው ታክሲዎች፣ የሚሮጥ ሰው። ማንም አያውቀኝም። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ማንም «የማቴዎስ ወንድም» አይልህም። ምሳ ኡጋሊ በላሁ፣ እሱ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ከጎመን ጋር። በዚያን ሰዓት እኛ ቤት ቆጮው በቅቤ ታሽቶ፣ ሥጋው ተቆርጦ፣ ዳጣው ዓይን እያስለቀሰ ነው። ጎረቤት ከቤት ቤት ይዞራል፣ ልጆች ይጨፍራሉ። እኔ የማላውቀው ሰው ትይዩ ተቀምጬ በዝምታ እውጣለሁ። ሰውየው ስልኩን ያያል፤ እኔም ስልኬን አያለሁ። ለማቴዎስ በድምፅ «ዮ ዮ ጊፋታ» ብዬ ላክሁ። ሰምቶታል፣ ምልክቱ ይታያል። መልስ የለም።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ውስጥ ስሄድ ቦርሳዬ የአንዲት ሴትዮ አቮካዶ ክምር መታና መንገድ ላይ በተነው። «ሳማሃኒ፣ ማማ፣ ሳማሃኒ!» አልኩ፤ ይቅርታ ማለት ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ የተማርኩት የመጀመሪያው ቃል። ተንበርክኬ ከሰው እግር መሃል አንድ በአንድ ለቀምኩላት። ሴትዮዋ ስቃ አንዱን አቮካዶ ሰጠችኝ።

አቮካዶውን እንደያዝኩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቃት ሴት ናት። የማላውቀው ቋንቋ ነው። ለመንበርከክ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ታደለች እኮ ትኩሳት ሲይዘኝ ደረቷ ላይ አድርጋኝ ቁጭ ብላ ያደረች ሴት ናት። ለሷ አንዲት ቃል ከማውጣት ሦስት ቀን መንገድ መሮጥ ቀለለኝ።

በኢንቦክስ ስትጠይቁኝ የሰነበታችሁት ነገር አለ፤ ብቻን ወደ ውጭ መጓዝ ሰውን ያሳድጋል ወይ? ስሙኝ፣ ውሸታም አልሆንም። የተማርኩት አለ። ካርታ ማንበብ ተምሬያለሁ፣ ሰው ሲስቅብኝ መቻል ትንሽ ተምሬያለሁ፣ ከቦረና ሽማግሌ ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ። ቤቱ ሰላም የሆነለት ሰው ይሂድ፤ ያምርበታል። እኔ ግን ለማደግ አይደለም የሄድኩት። ለማደግ የሚያስፈልገኝ ከሶዶ ሻንቶ ያለው የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር፣ እሱን ፈርቼ ነው ምድር ወገብ ድረስ የሸሸሁት። ነጭ ጫማ ያደረገው ሰውዬም ይሄን አይነግራችሁም። ጥፋቱን እሱ ላይ ብጥል ደስ ይለኝ ነበር፣ ለመናደድ ይመቻል። ግን ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት መመለሻ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። አንድ ሳምንት ልቆይ ነበር ያሰብኩት።

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፣ ሻንቶ

ትናንት ማታ ሶዶ ገብቼ አደርኩ። ጠዋት የሻንቶ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ዳር ባጃጆች ተደርድረዋል፣ ገበያው ቀዝቅዟል፣ የጊፋታ ሳር አሁንም በየደጁ ደርቆ ተጥሏል። ጋሽ ሳሙኤልን አንድ ሱቅ በር ላይ አገኘኋቸው። ከመቀመጫቸው አልተነሱም፤ እጄን ግን ይዘው አልለቅ አሉ።

«ቅዳሜ እንዴት ሆነ፣ ጋሼ?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅን። መኪና ሲሰማ ታደለች ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ወንድምህ አንተ የምትቀመጥበት ላይ ማንም እንዳይቀመጥ አለ። ሲመሽ ‹እንጸልይና ተነሱ› አለን። አልተቆጣም። ብትቆጣ ይሻል ነበር ብዬዋለሁ።»

«አሁን አብረውኝ ቢሄዱስ?»

«ዛሬ ብቻህን ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። በሩን የከፈተው ማቴዎስ ነው።

ይሄን ጽሑፍ ለእናንተ ስል ነው በአማርኛ የጻፍኩት። ጋሽ ሳሙኤል በስልክ ያሉኝም፣ የደሳለኝ ቀልድም፣ ነሐሴ ላይ እኔ ያወጣሁት ክፉ ቃልም ሁሉ በወላይትኛ ነው። እኛ ቤት አማርኛ የለም። ማቴዎስ አማርኛ የሚናገረው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ወይ ከወረዳ ሰው ሲመጣበት ነው። በሕይወቴ አንድ ቀን በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም፤ ሲመታኝም፣ ሲያቅፈኝም፣ አባታችንን ቀብረን ስንመለስም።

«እንኳን ደህና መጣህ። ግባ፣ ተቀመጥ» አለኝ። በአማርኛ። ጥርት ያለ፣ የትምህርት ቤት አማርኛ።

ታደለች የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። እያስታጠበችኝ ሳለ፣ በቋንቋችን፣ ዓይኗን እያየሁ፣ «አጥፍቻለሁ» አልኳት። ያቺ ቃል ወጣች። ታደለች ልትናገር አፏን ከፈተችና ወደ ማቴዎስ አየች፤ ከዚያ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ሄደች። ስታለቅስ ሰማኋት።

ወደሱ ዞርኩ። «ታላቄ፣ አጥፍቻለሁ፤ በዚያ ቀንም፣ ቅዳሜም» አልኩት፣ አሁንም በወላይትኛ።

«ችግር የለውም። መንገድ አድካሚ ነው፣ ብላ» አለኝ በአማርኛ።

«ማቴ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩት በወላይትኛ።

ሳህኑን በሁለት እጁ ወደ እኔ አስጠጋው፤ ለወረዳ እንግዳ እንደሚያደርገው። «አትፈር፣ እንደ ቤትህ ቁጠረው» አለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ በአማርኛ ሲያናግረኝ አቅም አጣሁ። «አመሰግናለሁ» አልኩት፣ እኔም በአማርኛ።